ለጋሽ ማርቆስ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ

ማዕረግ የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ ኮንዶሚኒየም ኖራችሁ አታውቁም ማለት ነው። በዚህ ከተማ ፎልደር የያዘ ሁሉ ኢንጂነር፣ ከረባት ያሰረ ሁሉ ሥራ አስኪያጅ ነው። እኔን በዶክትሬት ያስመረቀኝ የግቢያችን ጥበቃ ነው። ለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም በገባን በሁለተኛው ሳምንት በእጄ የያዝኳትን ጠባብ ጥቁር ሳጥን አየት አደረገና «እንዴት አደሩ ዶክተር» አለኝ። ያለኝ ማስተርስ ነው። ላርመው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ግን ታክሲው ሊያመልጠኝ ሆነ፣ ደግሞስ ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ ጣመኝ። በወሩ ብሎኩ በሙሉ «ዶክተር» ይለኝ ጀመር።

ሳጥኗ ውስጥ ያለችው ዋሽንት ናት። ዩኒቨርሲቲ የማስተምረው ዋሽንት ነው፤ የሸምበቆውንም፣ ፍሉት የምንለውን የብረቱንም። መድረክ ሲገኝም እጫወታለሁ። ሃያ ዓመት እንጀራ የበላሁት በትንፋሼ ነው። በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ሲመጡ የመጀመሪያ ቃሌ «በሙያችሁ አትፈሩ» የሚል ነው፤ ደረቴን ነፍቼ ነው የምለው። ሰፈር ስደርስ ግን «ዶክተር፣ የሚያስተምሩት ምንድን ነው?» ለሚለኝ ጎረቤት «የአየር ግፊት ነገር ነው» እላለሁ። አባቴ እስኪሞት ድረስ ልጄ አዝማሪ ሆነ ላለማለት «አስተማሪ ነው» ብሎ ወሬ ሲቀይር አይ ነበር። በዚያ ስናደድበት ኖሬ፣ እኔው ራሴ ወረስኩት።

ታዲያ ዋሽንት ነፊ ካልተለማመደ ከንፈሩ ይከዳዋል። ሳሎን ብነፋ ይሰማብኛል ብዬ ሁልጊዜ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መታጠቢያ ቤት እገባና በሩን ዘግቼ እለማመዳለሁ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። ለካስ የብሎካችን መታጠቢያ ቤቶች በሙሉ ቧንቧዎቹ በሚወርዱበት አንድ ክፍተት የተያያዙ ናቸው። እኔ አራተኛ ፎቅ ላይ የነፋሁት በየሰው መታጠቢያ ቤት ይወጣል፤ ከላይ ይምጣ ከታች ግን የሚያውቅ የለም። አንደኛ ፎቅ ያሉት ወይዘሮ የሺ «የሆነ ነገር ያፏጭብኛል» ብለው ከሀና ማርያም ጸበል አስመጥተው ረጩ። በማግስቱ ፉጨቱ በሰዓቱ ከተፍ አለ። ጸበል ያልመለሰው ሰው ቢሆን ነው አሉና ለኮሚቴው አመለከቱ።

እሑድ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ተሰበሰብን። የኮሚቴው ጸሐፊ ማን እንደሆነ መቼም አትጠይቁኝም፤ ዶክተር እያለ ማን ይጽፋል? ሊቀመንበሩ አቶ ደረጀ «በማለዳ የሚነፋው ማን ነው?» ብለው ጠየቁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉ የለ፣ ወረቀቴ ላይ አቀረቀርኩ። ከኋላ አንዱ «ቤቱ ቧንቧ በቧንቧ የሆነው ጋሽ ማርቆስ ናቸዋ፤ ሌላ ማን ይነፋል?» አለ። ጋሽ ማርቆስ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ፣ ከሆሳዕና የመጡ የቧንቧ ሠራተኛ ናቸው፤ ከቤት ወደ ሥራ፣ ከሥራ ወደ ጸሎት ቤታቸው፣ ድምፃቸው ተሰምቶ አያውቅም። ሰው ሁሉ ዞረባቸው። እሳቸው ወደ እኔ አንዴ ቀና አሉና «እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርጉልኝ» አሉ።

አፍ ነበረኝ። እንጀራዬም በአፌ ነው። ግን «የጎረቤት ሰላም በማወክዎ የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል» የሚለውን ደብዳቤ በእጄ ጽፌ፣ ፈርሜ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ነው የተቀበሉኝ።

ሳምንት ሙሉ ሳጥኗን አልከፈትኳትም። በስምንተኛው ቀን ማለዳ በሬ ተንኳኳ። ጋሽ ማርቆስ ናቸው፤ መፍቻቸውን ይዘው ወደ ሥራ ሊወጡ ነው።

«ዶክተር፣ ምነው ዝም አሉ?» አሉኝ።

«ይግቡ» ብዬ በሩን ከፈት አደረግኩላቸው፤ እሳቸው ግን እዚያው ደፉ ላይ ቆመው ቀጠሉ።

«ባለቤቴ እግሯን ካመማት ወዲህ ከቤት አትወጣም። ጠዋት ጠዋት በርጩማዋን መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ አደርግላትና እርስዎን ትሰማለች። ሰባት ቀን ተቀምጣ ጠበቀች።»

«እኔ መሆኔን ያውቁ ነበር?»

«የዚህን ብሎክ ቧንቧ የዘረጋሁት እኮ እኔ ነኝ። ድምፅ በየት ወጥቶ በየት እንደሚገባ አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አሉ?»

«አንገትዎን ደፍተው ሲጽፉ አየሁዎት። ሰው ካወቀብዎ ይተዉታል ብዬ ፈራሁ።» ደረጃውን መውረድ ጀምረው ዞር አሉ። «ይንፉ። ማስጠንቀቂያው የተጻፈው ለእኔ ነው።»

ሰው ሲያፍር መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ይላል። እኔ አራተኛ ፎቅ ነበርኩ፤ መሬቷም ሩቅ ናት። በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት አፍሬ አላውቅም።

በሚቀጥለው ስብሰባ ጨክኜ ተነሣሁ። «ጋሽ ማርቆስ አይደሉም። ዋሽንት የምነፋው እኔ ነኝ። ሥራዬም እሱው ነው። ዶክተርም አይደለሁም» አልኩ። ከዚያ ወይዘሮ የሺ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረግ አድርገው «አያችሁ ትሕትና? የሰው ገመና ለመሸፈን ራሳቸውን እንዲህ ሲያዋርዱ» አሉ። ተጨበጨበ። አቶ ደረጀም «ዶክተር፣ ዋሽንት ነፊ ነኝ እስከ ማለት?» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሮጥ ብዬ ሳጥኗን ባመጣት ሦስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እግሬ አልተነሣም። ጋሽ ማርቆስን ላያቸውም አልቻልኩም።

በመጨረሻ ማስጠንቀቂያው እንዲነሣ፣ ጋሽ ማርቆስ ጠዋት ጠዋት እንዲነፉ እንዲፈቀድላቸው፣ ዶክተርም ላሳዩት መልካም ጉርብትና እንዲመሰገኑ ተወሰነ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። እኛ ብሎክ ንጋቱ በየቀኑ ይጠራል፤ እኔም አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ ሁለተኛ ፎቅ ያለችውን በርጩማ እያሰብኩ እነፋለሁ። ባለፈው ሰሞን ወይዘሮ የሺ ደረጃው ላይ አስቆሙኝ።

«ጋሽ ማርቆስ እኮ እየጎበዙ ሄዱ» አሉኝ። «እርስዎ ሰው ያውቃሉ፤ አንድ የሚያስተምራቸው ቢፈልጉላቸው ምን አለበት?»

«እጠይቃለሁ» አልኳቸው።