የአንደኛ ክፍል ክቡር ተቆጣጣሪ

ትምህርት ቤት የትም ይሠራ፣ ግድግዳው በድንጋይ ይታነፅ በቆርቆሮ ይከለል፣ በሩ ላይ አንድ የማይቀር ሰው አለ። ዳይሬክተሩ ሊቀር ይችላል፤ ጠመኔው ሊያልቅ ይችላል፤ ይህ ሰው ግን ከደወሉ ቀድሞ ይገኛል። እንደ ሌላው ወላጅ ልጁን አስገብቶ ወደ ጉዳዩ አይሄድም። ይቆማል። መምህሯ ብቅ ስትል ጉሮሮውን ይጠርጋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን እግዜር ነው የሚያውቀው።

ለአንደኛ ክፍሏ መምህርት የወጣላት ዕጣ ጡረታ የወጡ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። መምህራኑ "ክቡር ተቆጣጣሪ" ይሏቸዋል። ማን እንደሾማቸው የሚያውቅ የለም፤ ሊሽራቸው የደፈረም አልተገኘም።

በየሰኞው ጠዋት የልጅ ልጃቸውን ቦርሳ በአንድ ትከሻቸው አንጠልጥለው፣ ቆባቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው በሩ ላይ ይቆማሉ።

"እህ፣ መምህርት! የት ደረስን?"

"የት ደረሳችሁ" ብለው አያውቁም። መሪውን እሷ ትያዝ እንጂ መኪናው የጋራ ነው።

"እስከ አስር ቆጥረን ጨርሰናል፤ ዛሬ ወደ ሃያ እንጀምራለን" ትላቸዋለች ወደ ክፍሏ እየተጣደፈች።

"ኧረ ተይ! እሱ እኮ ዳገት ነው። ማርሽ ቀንሺ። አስራ ሁለት ላይ ስትደርሺ ብዙ ልጅ ያጥወለውለዋል።"

ባቄላ የተማሩበት ሳምንትማ አይነሳ። ትምህርቱ ቀላል ነበር፦ አንድ ብርጭቆ፣ እርጥብ ጥጥ፣ አንዲት ፍሬ ባቄላ፣ ከዚያ መጠበቅ። ተቆጣጣሪው ግን ቤት ውስጥ የነበረውን ብርጭቆ በሙሉ ወርሰው መስኮቱ ላይ ደረደሩት። ምራታቸው ጠዋት ሻይዋን በሾርባ ሳህን ስትጠጣ ቆይታ ትዕግሥቷ አለቀ።

"አባባ፣ ለአንዲት ልጅ ይህ ሁሉ ባቄላ ምን ያደርጋል?"

"የኔ ልጅ፣ መጠባበቂያ ጎማ ሳልይዝ መንገድ ወጥቼ አላውቅም።"

ቅርጾች ሲመጡ ደግሞ የልጅቷን እጅ ይዘው ሰፈሩን በሙሉ አዳረሱ። በር አራት ማዕዘን፣ የሰዓት ፊት ክብ እያሉ ቆይተው ፀጉር አስተካካዩ ቤት ሲደርሱ ሞላላው መስታወት አጣላቸው። ፀጉር አስተካካዩ "ክብ ነው" አለ፤ ተቆጣጣሪው "ክብ ከሆነ እንደ ጎማ አንከባለው" አሉት። በማግስቱ ሁለቱም ለፍርድ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው ነበር። ስለ አምስቱ የስሜት ሕዋሳት በተማሩበት ሳምንት ዓይናቸውን በሻርፕ አስረው የልጅ ልጃቸው የሰጠቻቸውን ሁሉ በመዳሰስና በማሽተት፣ ሲቸግር በመቅመስ፣ ምን እንደሆነ ይናገሩ ጀመር። ሰኞ ላይ ለመምህሯ ያቀረቡት ሪፖርት አጭር ነበር።

"ሳሙና መሆኑን በምላሴ አረጋግጫለሁ።"

መምህሯ መረራት። አንድ ቀን ተደብቃ በጓሮ በር ገባች። በማግስቱ ጓሮ በሩ ላይ ቆመው አገኘቻቸው። "አይዞሽ፣ ዋናው መንገድ ሲዘጋ በማቋረጫ እንገባለን" አሏት፤ የሸሸችው ከሳቸው መሆኑ ጨርሶ አልታያቸውም።

ከዚያ የልጃቸው ዝውውር መጣ። ልጃቸው የመብራት መስመር ሠራተኛ ነው፤ ሩቅ ከተማ መደቡት። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው አንዲት ክፍል ብቻ ስለነበረች "ሰፋ ያለ ቤት እስክናገኝ ነው አባዬ፣ ከዚያ እንወስድሃለን" አላቸው። ሚስቱንና ልጁን ይዞ ሄደ። አባትየው፣ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ ያለዚያች ልጅ ድምፅ ነግቶበት በማያውቅ ቤት፣ ከብርጭቆዎቹ ጋር ቀሩ።

መምህሯ ልጅቷን ስማ ስትሰናበት አዘነች፤ ሐዘኗ ውስጥ ግን ትንሽ እፎይታ ነበረችበት። እውነትም አንድ ሳምንት ያህል በዋናው በር ተዝናንታ ገባች፣ ወጣች።

በቀጣዩ ሰኞ ተቆጣጣሪው ቦታቸው ላይ ነበሩ። ትከሻቸው ላይ ቦርሳ የለም። ከጎናቸው ልጅ የለችም።

"እህ፣ መምህርት! የት ደረስን?"

ዘበኛው መምህሯን አየ፤ መምህሯም ዘበኛውን አየችው። ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነው፦ ሽማግሌው ነካ አደረጋቸው። ቀስ ብላ ክንዳቸውን ይዛ ዘበኛው ቤት አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ አስቀመጠቻቸው።

"አባባ... ልጅቷ እኮ ሄዳለች።"

"ምን ነካሽ ልጄ? አውቶቡሱ ላይ ያሳፈርኳት እኔ አይደለሁ?" አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አደረጉት። "በስልክ 'ምን ተማርሽ?' ስላት 'ምንም' ትለኛለች። 'ትምህርት ቤቱስ?' ስላት 'ደህና' ትላለች። ቀጥላ ስልኩን ለእናቷ ሰጥታ እብስ! እናቷን ስጠይቅ 'እየተማረች ነው' ነው መልሱ። ልጅን በደፈናው ምን ተማርሽ ብሎ መጠየቅ፣ ሰካራምን ስንት ጠጣህ ብሎ እንደ መጠየቅ ነው፤ ወሬ አይወጣውም። 'ሸረሪት ስንት እግር አላት?' ብዬ ብጀምርላት ግን ስልኩን የሚቀማት የለም። መጽሐፉ እዚህም እዚያም አንድ ነው አይደል? እዚህ የት እንደደረስን ካወቅኩ፣ እሷ የት እንዳለች አወቅኩ ማለት ነው።"

መምህሯ አግዳሚው ላይ አጠገባቸው ተቀመጠች።

"ሸረሪት ጋ ገና ነን" አለች። "በዚህ ሳምንት የቤት እንስሳት ናቸው።"

"የቤት እንስሳት" ብለው ደገሙት፤ እንዳይረሱት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ሄዱ።

ሠራላቸው። ልጅቷ ስለ ዶሮ ተጠይቃ ስለ ላም፣ ስለ ላም ጀምራ ስለ ጎረቤት ውሻ፣ ከዚያም ውሻው ስላባረረው ልጅና ልጁ ስለጣለው ጫማ አወራቻቸው። "ሹፌሬ" ነው የምትላቸው፤ ትንሽ ሳለች በትከሻቸው ያዞሯት ስለነበር። "ሹፌሬ፣ ላም ከላይ የፊት ጥርስ የላትም፣ ታውቃለህ?" ብላ አፋጠጠቻቸው። ይህን ለመምህሯ ሲነግሯት ፊታቸው ደመወዝ የገባለት ሰው ይመስል ነበር።

ችግሩ መምህሯ ታመመች። ጉንፋን ብሎ የጀመራት ሳል አልጋ ላይ ጣላት። ተሽሏት ስትመለስ ደግሞ ጣሪያው አፍስሶ ልጆቿ ከሌላ ክፍል ጋር ተዳብለው አገኘቻቸው። ትምህርቱ ወደ ኋላ ቀረ። ይህን ያላሰቡት ተቆጣጣሪ በስልክ ስለ ትራፊክ መብራት ጥያቄ ቢያነሱ፣ ልጅቷ እንደ ትልቅ ሰው ተነፈሰች።

"ሹፌሬ ደግሞ! እሱ እኮ ድሮ ነው።"

ስልኩም ለእናቷ ተሰጠ።

በማግስቱ በሩ ላይ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም። "መምህርት፣ ትንሽ ፍጥነት ብንጨምርስ?"

"አባባ፣ ስድስትና ዘጠኝን ገና ያልለዩ ልጆች አሉኝ።"

"በኋላ ይደርሱብናል። ደግሞ ስድስትና ዘጠኝ ምን አለው? ገልበጥ ማድረግ ነው እንጂ!"

ሳሉ ገና አልለቀቃትም፤ ሌሊቱን አልተኛችም። ቁጣዋ ቀደማት። "እርስዎ መንገደኛ መንገድ ላይ ጥለው ይሄዱ ነበር?"

ሽማግሌው ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉት።

"ጥዬ አላውቅም" አሉ። "አንድም ቀን።" ዞረው ሄዱ።

ቀኑን ሙሉ ያ ጀርባ ከዓይኗ አልጠፋም። በማግስቱ የመማሪያ መጽሐፉን በብብቷ ይዛ፣ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እሷ በሩ ላይ ቀድማ ቆማ ጠበቀቻቸው።

"ልጆቹን ማስሮጥ አልችልም" አለቻቸው። "እርስዎን ግን ለብቻዎ ቀድሜ እወስድዎታለሁ።"

እንዲህ ሆኖ በየረፍት ሰዓቱ አግዳሚው ላይ ትምህርት ተጀመረ። ክቡር ተቆጣጣሪ በአንደኛ ክፍል ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ተማሪ ሆኑ፦ የቤት ሥራ ካልተሰጣቸው የሚቆጡ። ዘበኛው ከጎን ሆኖ መልሱን ሲያሾልክ "ተራህን ጠብቅ!" ይሉታል። እየቆየች መምህሯ ራሷ የረፍቱን ደወል በጉጉት መጠበቅ ጀመረች። አንድ ነገር ሲነገራቸው ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው "እንዴት? እንደገና በይው እስቲ" የሚሉትን ነገር ወደደችው።

አንድ ቀን ገጹን ስትገልጥ የሚቀጥለውን ርዕስ አየች። "ቤተሰቤ" ይላል። ሥሩ ላይ ትእዛዝ አለ፦ አብረዋችሁ ቤት ውስጥ የሚኖሩትን ሰዎች ሳሉ።

ጣቷ ገጹ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገለጠች።

"ቀጣዩ ልብስ ነው" አለች። "የብርድና የሙቀት ልብስ።"

ከቀናት በኋላ ተቆጣጣሪው መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። ዘበኛውን ሰላም አላሉትም።

"ልብስ እዚያ ገና ነው" አሉ። "ቤተሰብ ላይ ናቸው።"

መምህሯ ቀና ማለት አቃታት። "አውቄ ነው የዘለልኩት አባባ።"

"ገብቶኛል፣ የኔ ልጅ" አሉ። "'ማን ማንን ሳልሽ?' አልኳት። 'እማዬን፣ አባዬንና እኔን' አለችኝ። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ፤ ምላሴ ቀደመኝ። 'እኔንስ?' አልኳት። 'ሹፌሬ፣ መምህራችን ያለችው ቤት ውስጥ ያሉትን ብቻ ነው' አለችኝ።"

መምህሯ እጃቸውን ያዘች።

"ልክ ናት እኮ" አሉ። "ትእዛዙን በደንብ ሰምታለች። እዚህ እያለች እኮ ጆሮ አልነበራትም፤ ክብ ሳዪ ስትባል ድመት የምትስል ልጅ ነበረች። አሁን ጎበዝ ሆናለች።" ተነሱና ሱሪያቸውን አራገፉ። "ጎበዝ ሆናለች" አሉ ደግመው፤ ሁለተኛው ግን ድምፅ አልነበረውም።

ከዚያ ቀን ወዲህ በሩ ላይ አልታዩም።

መምህሯ በዋናው በር ትገባለች፤ የሚያቆማት የለም። ወደ ቤቷ ስትመለስ ባሏ "ደህና ዋልሽ?" ይላትና መልሱን ሳይጠብቅ ቴሌቪዥኑን ይከፍታል። ዳይሬክተሩ የሚጠይቃት ስንት ልጅ እንደቀረ ነው። በዚህ ዓለም ላይ ዛሬ ክፍሏ ውስጥ ምን እንደተደረገ ከልቡ ማወቅ የሚፈልግ አንድ ሰው ነበራት፤ እሱንም ሸሽታው ነበር። ሸረሪት ላይ በደረሱ ጊዜ አንዱ ልጅ "እግሯ ስምንት ከሆነ ጫማ ሲገዛላት እናቷ ትቆጣለች" አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች፤ ወዲያው ግን ይህን ለማን እንደምትነግር አሰበችና ሳቋን አቋረጠች።

የዚያኑ ዕለት ከጽሕፈት ቤቱ የልጅቷን አባት ስልክ ቁጥር ጠይቃ ደወለች።

"አባትዎ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በየቀኑ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይውሉ እንደነበር ያውቃሉ?" አለችው።

"አባዬ? ለምን?" ደነገጠ። "እኛ ስንደውል 'ምን ስትሠራ ዋልክ?' ስንለው 'ምንም' ነው የሚለን።"

"ያንን መልስ ከልጅዎ ነው የተማሩት" አለች መምህሯ። ከዚያ ሁሉንም ነገረችው፦ አግዳሚውን፣ መጽሐፉን፣ ሥዕሉን።

"ቤታችን አንድ ክፍል ናት እኮ መምህርት። እዚህ ተጣብቀን ከምናስቸግረው፣ በሰፊ ቤቱ ይረፍ ብለን ነው።"

"ጠይቀዋቸዋል?"

"አልጠየቅኩትም" አለ።

ወሩ ሳይወጣ፣ አንድ ጠዋት መምህሯ መደመር እያስተማረች ሳለ ልጆቹ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ ሲያዞሩ አየች። ዞራ ስታይ ማንም አልነበረም። በረፍት ሰዓት ዘበኛው መጣና "ጋሼ ሻንጣ ይዘው መጥተው ነበር" አላት። "ልጃቸው ጋ መሄዳቸው ነው። 'ልጥራልዎት?' ብላቸው 'ተው፣ ዳገት ላይ ናት፣ አታስቁማት' አሉኝ። በመስኮት አይተውሽ ሄዱ።"

መምህሯ ሮጣ እስከ መንገዱ ወጣች። መንገዱ ላይ አንዲት አትክልት ሻጭ ካሮቷን ውኃ እየረጨች ነበር፤ ሌላ ሰው አልነበረም።

ዝናቡ ከገባ በኋላ ነው፤ በአንድ የረፍት ሰዓት ዘበኛው ስልኩን ከፍ አድርጎ ይዞ ግቢውን በሩጫ አቋረጠ። "ክቡርነታቸው ናቸው! የኔን ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው!"

"መምህርት!" አሉ ሽማግሌው፤ ስልክ ከሩቅ ስለሚመጣ መጮኽ ያስፈልጋል ብለው ያምናሉ። "አንድ አልጋ ላይ ከልጅቷ ጋር ነው የምተኛው፤ እንደ በቅሎ ትራገጣለች! ጎኔ አለቀ!" ይህን ያሉበት ድምፅ ሎተሪ የደረሰው ሰው ድምፅ ነበር። "የዚህኛዋ መምህርት ግን ሰው ማናገር አልፈጠረባትም፤ ሰላምታዬን እንኳ እየሮጠች ነው የምትመልስልኝ። አንቺስ ልጄ? ሳሉ ለቀቀሽ?"

"ለቀቀኝ አባባ። እኛ ደመናና ዝናብ ጀምረናል።"

"እሱንማ እዚህ ጨርሰነዋል።"

"እንግዲያው ያውቁታል፤ ምን እነግርዎታለሁ?"

በወዲያኛው ጫፍ ከሩቅ የልጆች ጫጫታና የመኪና ጥሩምባ ይሰማል።

"ንገሪኝ እስቲ" አሉ፤ አሁን አልጮኹም። "ካንቺ ስሰማው ሌላ ነው።"

መምህሯ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። "ሰኞ ዕለት ልጆቹን ወደ ግቢ አወጣኋቸው" ብላ ጀመረች። "ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ለመድኃኒት እንኳ አንዲት ደመና የለም። እኔ ደግሞ ደመና ላሳያችሁ ብዬ አስወጥቻቸዋለሁ..."

"እሺ፣ ከዚያስ?"

ዘበኛው የረፍቱ ሰዓት ማለቁን አይቶ ደወሉን ሊመታ ብረቱን አነሳ። በእጇ ምልክት ሰጠችው። ብረቱን መልሶ አስቀመጠው።