መንገድ የማይጠይቁት ጋሽ ረሻድ

ጋሽ ረሻድ በየማለዳው ታክሲያቸውን ከማስነሳታቸው በፊት አራቱንም ጎማዎች በእግራቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ከዚያ "ቢስሚላህ" ብለው ይገባሉ። ካርታ አይገልጡም። መንገድ የማይጠይቅ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም፤ ለእኛ ባሕር ማዶ ላለነው የሲዋርድ ሰፈር ሰዎች የደረሰን ግን የሁሉም አለቃ ነው።

"መንገድ አይጠየቅም፣ ይታወቃል" ይላሉ። በዚህ እውቀታቸው ከከተማችን ምሥራቅ፣ ዉድበሪ ወደተጠራንበት ሠርግ በሰሜን፣ በኩን ራፒድስ አዙረው ወሰዱን፤ ሙሽሮቹ ሲወጡ እኛ ገባን። ጥፋቱ የእሳቸው አልነበረም። "አዳራሹን ያለ ቦታው ነው የሠሩት" ብለው አስረዱን።

በፈረንጆቹ 2007 ሰመር ላይ አርቪ ተከራዩ፤ አልጋና ምድጃ ያለው፣ ቤት የሚያህል መኪና። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ዝናብ የማይለየው ጫካ እንዳለ ከአንድ ተሳፋሪ ሰምተው ነበር። እናታቸው አገር ቤት፣ ባቲ ነበሩ።

"እናቴ ዝናብ ሲቀር እንጂ ሲተርፍ አላየችም" አሉን። "ጫካው ውስጥ ቆሜ እደውልላታለሁ። ስልኩን ወደ ላይ እይዘዋለሁ፤ ድምፁን ትስማው።"

ጎረቤታቸው እኔና የታክሲ ባልደረባቸው በሪሁን አብረን ሄድን። የበሪሁን ዋና ሥራ እሳቸውን መንቀፍ ነው፤ ታክሲ የሚነዳው በትርፍ ጊዜው ነው። ደቡብ ዳኮታን እስክናልፍ ቆሎውን እየቆረጠመ ወረደባቸው።

"ሊቀ መንገድ፣ ማታ ማታ ፀሐይ በየት በኩል ነው የምትጠልቀው?"

"በፊታችን ነዋ።"

"ታዲያ ለምን ማጅራቴን ታቃጥለኛለች?"

"ለእኔ ነው መንገድ የምታሳየኝ? ሾርትከት ነው።"

ሾርትከቱ አንድ የከብት በረት ደጃፍ ላይ አለቀ። ጋሽ ረሻድ በክብር ወረዱ፣ ጎማውን መቱ፣ ለባለ በረቱ ከብቶቹን ሊያዩ እንደመጡ ነገሩት። ሰውየው እውነት መስሎት አስጎበኘን።

ሞንታና ነዳጅ ስንቀዳ ስልኬ ጠራ። ባለቤታቸው ፈዲላ ነበረች።

"እናቱ አርፈዋል" አለችኝ። "ቀብሩም አልቋል፣ ቢመለስም አይደርስ። አደራ፣ መንገድ ላይ እንዳትነግሩት። ያሰበውን ጫካ ይይ። እኔ ሽማግሌ ሰብስቤ እጠብቃችኋለሁ።"

የእኛ መርዶ እንዲህ ነው። ለመንገደኛ አይነገርም። ሰው ቤቱ ይገባል፣ እህል ይቀምሳል፣ ያድራል፤ የሚነገረው ጎህ ሲቀድ ነው። ለበሪሁን ከፓምፑ ጀርባ ነገርኩትና ተሳፈርን።

ሜዳው እስከ ሰማዩ ጥግ ደርቆ ቢጫ ሆኗል። ጋሽ ረሻድ ጥቂት ነድተው ወደ ደቡብ ታጠፉ፤ ስህተት ነበር።

"ጥሩ መንገድ ነው" አለ በሪሁን።

"በጣም ጥሩ ነው" አልኩ እኔ።

በመስተዋቱ አዩን። ትንሽ ሄዱና በራሳቸው ጊዜ ዞረው ተመለሱ። እንዲህ ሲያደርጉ አይተን አናውቅም። በማግስቱ አርብ ነበር፤ ለእናታቸው የሚደውሉበት ቀን። የስልክ ካርድ ሲፈልጉ የምንላቸውን ስናሰላስል ዋልን። ካርድ አልፈለጉም።

ጫካው ደረስን። ቅርንጫፎቹ አረንጓዴ ጺም አውጥተዋል፤ ዝናቡ ቅጠል ለቅጠል እየተቀባበለ ይወርዳል። ጋሽ ረሻድ ስልካቸውን ከፈቱና ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። ቁጥር አልመቱም። እጅጌያቸው እስኪርስ እንደዚያው ቆሙ፤ ከዚያ ዘጉት።

"በሪሁን፣ ከሞንታና ወዲህ ለምን አልሰደብከኝም?"

በሪሁን ከኪሱ ቆሎ ዘግኖ ዘረጋላቸው።

"ተወው፣ አትንገሩኝ" አሉ። "ፈዲላ ሰው ጠርታ ይሆናል። የሽማግሌዎቹን ሥራ አናበላሽባቸው። ስንደርስ እኔ ምንም አልሰማሁም።"

ስንመለስም የነዱት እሳቸው ናቸው። ጉንጫቸው ርሷል። ዝምታው አላስችል ሲለኝ "ጋሽ ረሻድ፣ መታጠፊያውን አለፉት እኮ" አልኳቸው። አላለፉትም ነበር።

"ለእኔ ነው መንገድ የምታሳየኝ?" አሉ።

"ይኸው፣ ጀመረው ደግሞ" አለ በሪሁን።

ሲዋርድ ሲመሽ ገባን። ፈዲላ እራት አቀረበች። ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ በሩን አንኳኩ።