ሊቀ ካሜራ ጋሽ ስለሺ

ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ጉባኤው የሦስት ሰው ይሁን የሦስት መቶ፣ ሳይጠየቅ በመኪና ላይ ፍርድ የሚሰጥ አንድ ሊቅ አይታጣም። ፓስተሩ ቢቀር ጸሎቱ ይካሄዳል፤ ሊቁ ከቀረ ግን ከፓርኪንጉ የሚወጣ የለም።

የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሊቅ ክቡር ጋሽ ስለሺ ናቸው። ልዩ ሙያቸው የኋላ ካሜራ ነው፤ ሪቨርስ ሲያስገባ ስክሪኑ የሚጨልምበት ምእመን ሁሉ የእሳቸው ታካሚ ነው። ምርመራቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ግራውንድ ነው።» ኤሌክትሪኩን ወደ መኪናው አካል የሚመልሰው ሽቦ ላልቷል ማለታቸው ነው። የመድረኩ ማይክ ሲያፏጭም ግራውንድ ነው። እትዬ ደጊቱ ጉልበቴን አመመኝ ቢሉ፣ ጋሼ አሰብ አድርገው «ብቻ ግራውንድ እንዳይሆን» ብለዋል።

አንድ እሑድ ነርሷ ሰሎሜ ካሜራዋ ጨልሞባት መጣች። ጋሼ ከነሱፋቸው አስፋልት ላይ ተጋደሙ። ፊውዝ ነቀሉ፣ የትረንኩን፣ የኋላ ዕቃ መጫኛውን፣ ምንጣፍ ገለበጡ፣ ሽቦ በጥርሳቸው ገፈፉ። እሷን ሾፌር ወንበር ላይ አስቀምጠው ሁለት ሰዓት ሙሉ «ሪቨርስ አስገቢ፤ አውጪ፤ አስገቢ» አሏት። በመጨረሻ የተገኘው በሽታ፣ ሰሎሜ በገዛ እጇ ሌንሱ ላይ የለጠፈችው «ኢየሱስ ያያል» የሚል ስቲከር ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ግለ ሂስ ያደርግ ነበር። እሳቸው ስቲከሩን በጥፍራቸው አንስተው፣ «ይሄም ቢሆን ግራውንዱን ነክቶታል» አሉ።

የክፍሌ ቫን ደግሞ ከእጃቸው ከወጣ ወዲህ ካሜራው ይሠራል፤ ብቻ ሪቨርስ ሲያስገባ ክላክሱ አብሮ ይጮኻል። «ድምፅም ጨመርኩልህ እኮ» ብለውታል።

እንግዲህ እኚህ ሊቅ ባለፈው እሑድ ክንዴን ይዘው ዳር ወሰዱኝ። የራሳቸው ካሜራ ከጨለመ ስምንት ወር ሆኖታል። በቅርቡም የጎረቤት ፖስታ ሳጥን ገጭተዋል። ዲኬተር ከተማ በጥብቅና የምትሠራው ልጃቸው ሚካኤላ ያለ ምንም ይግባኝ ፈርዳለች፦ «ዳድ፣ እስከ ቅዳሜ ካልተሠራ የመኪናውን ቁልፍ ትሰጠኛለህ። ላይክ፣ ፎር ጉድ።»

ያለ መኪና የትም በማይደረስበት በጋሼ ሰፈር በስቶን ማውንቴን፣ ቁልፍ የሌለው ሰው ሰፈሩ ከተሰየመበት ትልቅ ድንጋይ በምን ይለያል? ድንጋዩን እንኳ የሚጎበኘው አለ።

ይህም ምላሴን አላሰረውም። «የሰፊውን ሕዝብ ካሜራ ሲያበሩ ከርመው የራስዎ ጨለማ? ምን ዓይነት አመራር ነው ይሄ?»

ጋሼ ጫማቸውን አዩ። «ይሄ ሥራ የሁለት ሰው ነው፣ ወንድሜ። አንዱ ፊት ተቀምጦ ሪቨርስ ያስገባል፣ አንዱ ኋላ ሽቦውን ይነካካል። ብቻዬን ሞክሬ ነበር፤ ፍሬኑን በዣንጥላ አስደግፌ። ሽቦውን ስነካው ምስሉ መምጣቱን ማን ይንገረኝ? ሮጬ ፊት ስደርስ ጥቁር ነው።»

«ልጅዎስ?»

«ቢዚ ናት። ድሮ ዘውድነሽ ነበረች የምትቀመጥልኝ።»

ባለቤታቸውን ዘውድነሽን የቀበርነው አምና ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከምኖርበት ከአቮንዴል እስቴትስ ተነስቼ ቤታቸው ሄድኩ። ቤት የሚጠብቀኝ ቴሌቪዥን ብቻ ስለሆነ ነው የሄድኩት እንዳትሉ። ጋሼ «ሞተሩን እንዳታስነሳ» ብለው ታርጋው ጋ ተንበረከኩ። እኔ ፍሬን ረግጬ ሪቨርስ አስገባሁ።

«መጣ?»

«አልመጣም።»

«አሁንስ?»

«ጨለማ።»

አርባ ደቂቃ እንዲህ ተባባልን። ስድብ እያዘጋጀሁ ሳለ ስክሪኑ ብልጭ አለና ፊታቸው ሞላው። መነጽራቸው ወርዷል፣ ጺማቸው አልተላጨም፣ አፍንጫቸውን ሌንሱ አግንኖታል። ከኋላቸው ባዶ ድራይቭዌይ፣ ከዚያም ባዶ መንገድ። እያየኋቸው መሆኑን አላወቁም፤ በር አንኳኩቶ እስኪከፈትለት የሚጠብቅ ሰው ይመስላሉ።

«መጣ ወይ?»

«መጡ፣ ጋሼ።»

ዞር ብለው መንገዱን አዩ። «እነማን?»

«እርስዎ ነዎታ። ይታዩኛል። ሽቦውን እንዳይለቁት።»

አልለቀቁትም። በሌላው እጃቸው ግን ቀስ ብለው ኮሌታቸውን አስተካከሉ።