ሽንት ቤት የሌለው ቤት የለም

ሜታ አናሊሲስ የሚሠራ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሞጣ ላይ ይበልጣል የሚባል የጤና ባለሙያ ጓደኛ አለኝ። ሌሎች በየመንደሩ ዞረው ያጠኑትን ይሰበስብና ኮምፒውተሩ ውስጥ ይከታል። ሶፍትዌሩ ብዙ ሰው ለተጠየቀበት ጥናት ከፍ ያለ ክብደት እየሰጠ ከታች አንዲት የአልማዝ ቅርጽ ይሥላል። አልማዟ የሁሉም ድምር እውነት ናት አሉ። እግር ሳያነሱ አገር ማወቅ! አያስቀናም?

አንድ ቀን፣ «በኛ አካባቢ ሽንት ቤት የሌለው ቤት የለም ማለት ይቻላል» አለኝ። «ጥናቶቹ ሁሉ ይስማማሉ።»

ነገሩ ከነከነኝ። በጠላ ቅጥነት እንኳ የማይስማማ የኛ ሰው፣ በሽንት ቤት እንዴት ተስማማ?

ቅዳሜ ቢቸና አጠገብ ገጠር ያሉትን አክስቱን ልንጠይቅ ሄድን። ላፕቶፑን እንዳቀፈ ነው። መኪናው ሲያንገጫግጨው ውሎ ሆዱ ተረብሾ ኖሮ፣ ገና ሳይቀመጥ «አክስቴ፣ ሽንት ቤቱ በየት ነው?» አለ።

«የምን ሽንት ቤት? ያው ባሕር ዛፉ አለልህ።»

«አጥኚዎች መጥተው አልጠየቁዎትም?»

«ደጋግመው ነዋ! አለን አልኳቸው። ጎረቤቶቼም እንዲሁ ነው ያሉት። ያን ሁሉ መንገድ የመጣን እንግዳ፣ የለም ብለን እናሳፍረው?»

ይበልጣል ሆዱን ይዞ፣ «እኔስ እንግዳ አይደለሁም?» አለ።

«አንተማ የቤት ልጅ ነህ፤ አንተን ምን ብዬ እዋሽሃለሁ?»

ላፕቶፑን እኔ ላይ ጥሎ ወደ ባሕር ዛፉ ሮጠ። እስከ ዛሬ ከሠራቸው ጥናቶች ሁሉ በእግሩ የሄደበት ይኸኛው ብቻ ነው።