አባይነህ ጥርሳም ባኬት ሠርቶ የመጋዘኑን ግንብ እንደ ጣለ

ብረትን በእሳት ያለዘበ አምላክ የጸሐፊውንም ብዕር ያቅናለት። በዘመነ ሉቃስ ወንጌላዊ፣ ኢሕአዴግ በነገሠ በዐሥራ ስድስተኛው ዓመት፣ አገር ሁሉ ሚሊኒየም የሚባለውን እንግዳ ለመቀበል ደጁን ሲጠርግና አጥሩን ሲያድስ፣ በመንዝ ምድር፣ በመሐል ሜዳ ከተማ፣ የበርና የመስኮት አባት፣ የዝገት ጠላት፣ መዋዔ ላሜራ፣ ሊቀ በያጅያን አባይነህ በዙፋኑ፣ ማለትም በጋራዡ ደጃፍ በተገለበጠው የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጦ ሳለ ያገኘውን መከራና የፈጸመውን ጀብዱ እነሆ እንጽፋለን። ካየነው አንቀንስም፤ በሰማነው ላይ ግን፣ ታሪክ እንዲጥም፣ ጥቂት ጨው ጣል እናደርጋለን።

ይህ አባይነህ ቁመቱ ልከኛ፣ ድምፁ ግን ከቁመቱ የሚበልጥ ሰው ነበረ። በከተማው እርሱ ያልበየደው በር የለም፤ እርሱ ከበየደውም መካከል ሲከፈት የማይጮኽ አይገኝም። ምቀኞቹ ይህን እንደ ነውር ያወሩታል። እኛ ግን በዚያ ጩኸት ስንት ሌባ ደንግጦ እንደ ሮጠ ስለምናውቅ ለምቀኛ ጆሮ አንሰጥም። ከጋራዡ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ከባለቤቱ ከእሌኒ ጋር ይኖራል፤ ክፍሏም አልጋውና ምድጃው በመጋረጃ ብቻ የተለያዩባት፣ እንግዳ ሲመጣ ከባለቤቶቹ አንዱ ደጅ መቆም ያለበት ጠባብ ክፍል ናት።

ከጋራዡ ፊት ለፊት፣ ከአደባባዩ ማዶ፣ ያለፈው መንግሥት ትቶት የሄደ የእህል መጋዘን ነበረ። ጣራው ተነቅሎ፣ ሦስቱ ግድግዳዎች ፈርሰው፣ በድንጋይና በሲሚንቶ የተገነባ አንድ ወፍራም ግንብ ብቻ ወደ ኋላው ዘመም ብሎ ቀርቷል። ከግንቡ ጀርባ ደግሞ የእሌኒ እናት የወይዘሮ አማከለች ቤት አለ። ቤቱን የሠሩት ሟቹ ባላቸው፣ ስመ ጥር ግንበኛ የነበሩት ሰው፣ ድንጋዩን በገዛ እጃቸው ጠርበው ነው።

ወእምዝ ክረምቱ ሲጋመስ በአደባባዩ ላይ ለሚሠራው የአውቶቡስ መናኸሪያ የተቋቋመው አሠሪ ኮሚቴ በአይሱዙ ላይ ቆሞ በድምፅ ማጉያ እንዲህ ሲል ዐወጀ፦ «የመሐል ሜዳ ሕዝብ ሆይ ስማ! አልሰማሁም ማለት አያዋጣም! አዲሱ መናኸሪያ ለእንቁጣጣሽ መድረስ አለበት። ይህ ግንብ ከአደባባዩ በኩል በሎደር ሲገፋ የሚወድቀው በወይዘሮ አማከለች ቤት ላይ ስለሆነ ቤቱ አስቀድሞ ይነሣል። ባለቤቲቱም ምትክ እስኪሰጣቸው ድረስ ከልጃቸው ጋር ይቀመጣሉ። ግንቡን ወደ አደባባዩ የሚጥል መላ ያለው ቢኖር ፍልሰታ ሳይፈታ ይምጣ፤ ከተፈታ ወዲያ ማንንም አንሰማም!»

ይህ አዋጅ በጆሮው በገባ ጊዜ አባይነህ የያዘውን የብየዳ ኤሌክትሮድ ጣለ። ልጃቸው ማለት እሌኒ ናት፤ ከእሌኒ ጋር ማለት ደግሞ በመጋረጃዋ ክፍል ማለት ነው። በአገሩ ልማድ አማች በአማቱ ፊት አይጎርስም፣ እግሩን አይዘረጋም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ አንቱ ይባባላሉ እንጂ ዓይን ለዓይን አይተያዩም። አባይነህ ደግሞ በወጥ ፊት ኃያል፣ በእንቅልፉም ጣራ የሚያንቀጠቅጥ አንኮራፊ ነበረ። ምትክ ቦታ እስኪሰጥ ድረስ ሲባል ስንት ክረምት እንደሆነ የማያውቅ የከተማ ሰው የለምና፣ ጀግናው ራሱን ሲመነምን፣ ሱሪው ሲሰፋ፣ ምሳውን በፖሊስ እንደሚፈለግ ሌባ ከጎማ ክምር ጀርባ ተደብቆ ሲበላ በዓይነ ኅሊናው አየ። ሌሎች ጸሐፍት ጀግናቸው ለአገር ፍቅር ተነሣ ይላሉ። እኛ እውነቱን እንጽፋለን፤ አባይነህ የተነሣው ለምሳው ነው።

ወይዘሮ አማከለች ግን በማግሥቱ ጭቃ በጭድ አቡክተው፣ ይፈርሳል የተባለውን ቤታቸውን መምረግ ጀመሩ። የመረጉትን ዝናብ ያጥበዋል፤ እሳቸውም ነጠላቸውን አደግድገው እንደገና ይመርጋሉ። አባይነህ በዚያ በኩል ሲያልፍ ይህን አየና ምሳውን ረሳ፤ ለጥቂት ጊዜ ቢሆንም ረሳው።

በእንተ ዝንቱ ወደ ኮሚቴው ገሥግሦ፣ ቱታውን አስተካክሎ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ ዐወጀ፦ «ግንቡን ወደ አደባባዩ የሚስብ ባኬት እኔ እሠራለሁ! ካልሠራሁ ብየዳ ይቅርብኝ፤ ማሽኔን ሸጬ በግ አረባለሁ!» ኮሚቴውም ከደብረ ብርሃን የመጣውን ሎደር ከነነጂው ከአዳነ ጋር አስረከበው። የሎደሩ ባኬት፣ እርሱም ከፊቱ የሚንጠለጠለው ታላቅ አካፋ፣ ለአፈርና ለጠጠር የተሠራ፣ ከንፈሩ ስስ፣ ጥርስ የሚባል ያልተፈጠረበት ነበረ። ለሙከራ ያህል ግንቡን ነካ ቢያደርገው ከንፈሩ ተጣጥፎ ተመለሰ፤ ግንቡ ግን አቧራውን እንኳ አላራገፈም።

ከአባይነህ ጋር የዘመቱት እነዚህ ናቸው። በቀኙ ባለእጁ አቶ ኪዳነ ወልድ፣ የማረሻና የማጭድ ጌታ፣ ወናፋቸውን ይዘው፤ በግራው ጎሚስታው ታዲዮስ፣ ጎማ ከመለጠፍ ይልቅ ወሬ ማራገብ የሚቀናው፣ የመኪና ማንሻ ክሪኩን ተሸክሞ፤ በኋላው ነጂው አዳነ፣ የመንዝን ብርድ እንጂ ሌላ ነገር የማይፈራው፣ በሁለት ጋቢ ተጀቡኖ፤ ከእነርሱም ኋላ የከተማው ሥራ ፈት ሁሉ እንደየማዕረጉ፣ ዱካ ያለው በዱካው፣ የሌለው በድንጋይ ላይ ተሰይሞ ነበረ። መብራት ሲመጣ እየበየዱ፣ ሲሄድ እየተከራከሩ ሰነበቱ። መንገድ ሠራተኞች ጥለውት ከሄዱት ግሬደር ምላጩን ፈትተው፣ ጥርስ እየቈረጡ በባኬቱ ከንፈር ላይ በየዱ፤ ከተሰበረ መኪና ሻንሲ ጎድን አውጥተው የባኬቱን ጀርባና ጎን ደገፉበት። የግሬደር ምላጭ ጠንካራ ብረት ስለሆነ በብርዱ ቢበየድ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ አቶ ኪዳነ ወልድ በከሰል አስቀድመው እያሞቁት፣ ከተበየደም በኋላ ቀስ ብሎ እንዲበርድ በትኩስ አመድ እየቀበሩት፣ ልክ እንደ አራስ ተንከባከቡት።

በገበያ ቀንም ከገጠር የመጣው ገበሬ ሁሉ በጉን በገመድ እየጎተተ ባኬቱን ከበበውና፣ ጎንበስ ብሎ ጥርሱን በስንዝሩ ለክቶ፣ በአንድ ድምፅ ፈረደ፦ «ማረሻው ተኝቷል! የተኛ ማረሻ አይገባም፤ አፍንጫውን ወደ መሬት ድፋው!» ባኬት ማረሻ እንዳልሆነ ከዚያ ሁሉ ሰው አንድም አላሰበም። አባይነህም የገበሬ ልጅ፣ አቶ ኪዳነ ወልድም ዕድሜ ልካቸውን ማረሻ የሠሩ ነበሩና ነገሩ በልባቸው ገባ። ጥርሱን ሁሉ ነቅለው፣ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፍተው፣ እጅግ ባማረ ሁኔታ መልሰው በየዱት።

ወበሳኒታ፣ ማለትም በማግሥቱ፣ ሎደሩ በእልልታ ወደ ግንቡ ተንቀሳቀሰ። ነገር ግን ባኬቱ ዝቅ ከማለቱ ጥርሱ በእርጥቡ አደባባይ ተሰካ፤ አዳነ ነዳጅ በሰጠው መጠን ይበልጥ እየጠለቀ፣ የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ተነሥተው በአየር ላይ እየዞሩ፣ ሲወርዱም እየገፉት፣ ከአደባባዩ ዳር እስከ ዳር ቀጥ ያለ፣ ጥልቅ፣ እንከን የማይወጣለት ትልም አወጣ። በዚያች ዕለት መናኸሪያው ታረሰ። ሽማግሌዎች አፈሩን በእጃቸው እየፈረፈሩ ለገብስ ዘግይቷል እንጂ እርሻውስ ግሩም ነው ብለው አደነቁ። አዳነ ግን ከሎደሩ ዘልሎ ወርዶ ዐወጀ፦ «ስሙኝ ጎበዝ! እኔ ሎደር ነጂ ነኝ፤ ለእርሻ አልተቀጠርሁም! ይህን ማረሻ ሳትነቅሉ ከጋቢዬ የሚያስወጣኝ የለም!» ኮሚቴውም ትልሙን ተሻግሮ በድምፅ ማጉያው አከለበት፦ «ፍልሰታ ሊፈታ ነው! ከተፈታ በኋላ ግንቡ ይገፋል፤ ቤቱም ይነሣል!»

አባይነህ አፈረ። ሕዝቡ እየሳቀ ሲበተን ብቻውን ሄዶ ከግንቡ ሥር ተቀመጠ፤ እሌኒ ያመጣችለትን ሽሮም አልነካም። ከዚያ በፊት ሽሮ ሳይነካ የተመለሰበት ዘመን በታሪክ አልተመዘገበም። ያን ጊዜ ከግንቡ ማዶ የወይዘሮ አማከለች ድምፅ ተሰማ። ለአማች ምክር በቀጥታ መስጠት ነውር ስለሆነ፣ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ለግንቡ ዐወጁለት፦ «ስማ አንተ ግንብ! ለማንም አይደለም፣ ላንተ ነው የምነግርህ። ባሌ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ግንብ ሲያፈርስ ከእግሩ ነክቶ አያውቅም። መሰላል አቁሞ ከራስ ይጀምራል፤ ዲጂኖውን ከማዶ ያሳልፍና ድንጋዩን ወደ ራሱ ይመነግለዋል፤ አንዱን ሲጨርስ ወደ ታችኛው ይወርዳል። ከእግር የተነካ ግንብ ያሻው ጋ ነው የሚወድቀው። አሁን ሰማህ? የሰማ ሰው ደግሞ ይነሣና ምሳውን ይብላ!»

አባይነህ ተነሣ፤ ሽሮውንም በላ፤ አማቱ በግንብ ተጋርደዋልና ልማድ አልተጣሰም። ከዚያም ጥርሱን ሁሉ ለሦስተኛ ጊዜ ነቅሎ፣ አሁን ወደ ባኬቱ ሆድ ቆልምሞ፣ እንደሚጎርስ እጅ ጣት አድርጎ በየደው። እንዲህ ሲሆን ባኬቱ ከግንቡ ራስ በላይ ይነሣና፣ በማዶው በኩል ጥርሱን ሰክቶ፣ ሎደሩ ወደ ኋላ ሲሄድ ድንጋዩን ወደ አደባባዩ ይስበዋል። አዳነም ከላይ የሚመጣ ድንጋይ እኔን እንዳያገኝ ብሎ ስለ ዐወጀ፣ በባኬቱ ጀርባ ላይ እንደ ጋሻ የቆመ ወፍራም ላሜራ፣ በመስተዋቱም ፊት በፌሮ ብረት የተሠራ መረብ ተጨመረለት። አቶ ኪዳነ ወልድ ማረሻ ያልሆነ ነገር ሲበየድ ማየት ቅር ቢላቸውም ከሰሉን ማራገብ አልተዉም።

ፍልሰታ ሊፈታ ሲል፣ ከትምህርት ቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሰው ሁሉ ወጣ። ወይዘሮ አማከለች ብቻ ከቤቴ አልወጣም፣ ቤቴ ከወደቀ እኔም ወድቄያለሁ ብለው በራቸውን ዘግተው ተቀመጡ። ባኬቱ ተነሣ፤ ጥርሱ ከግንቡ ራስ በማዶ ተሰካ፤ አዳነ ወደ ኋላ ሳበ። በዚህ ጊዜ አንዱ ጥርስ ጓ ብሎ ተሰበረ፤ ግንቡም ወደ ኋላ፣ ወደ ቤቱ ተወዛወዘ፤ ሁለት ሦስት ድንጋይ ተፈንቅሎ በቤቱ ቆርቆሮ ላይ ዘነበ። አባይነህ ምሳውንም፣ ስሙንም፣ ልማዱንም ረሳ። በግንቡ ጥግ ዞሮ ሮጠ፤ በሩን በትከሻው ገንጥሎ ገባ፤ በአማቱም ፊት ቆሞ፣ ዓይናቸውን እያየ፣ የከተማው በሮች ሁሉ ተባብረው ሊጮኹት በማይችሉት ድምፅ ዐወጀ፦ «እሜቴ፣ ይውጡ! ቤቱ ቢፈርስ እሠራልዎታለሁ! ድንጋይ ቢያገኝዎ ግን በምን እበይድዎታለሁ!»

ወይዘሮ አማከለች ከጋብቻው ቀን ጀምሮ የአማቻቸውን ፊት እንዲህ አይተውት አያውቁም ነበር፤ እርሱም የእሳቸውን። ነጠላቸውን ሰብስበው፣ በክንዱ ተደግፈው ወጡ። አዳነም የቀሩትን ጥርሶች እንደገና ሰክቶ ሲስብ የግንቡ ራስ ተገምሶ ወደ አደባባዩ ዘነበ። ከዚያ ወዲያ ባኬቱ ከላይ ወደ ታች፣ ልክ ሟቹ ግንበኛ በዲጂኖ ያደርጉት እንደነበረው፣ እየነከሰ እየሳበ፣ እየነከሰ እየሳበ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ግንቡን ከመሠረቱ አደረሰው። ቤቱ የተረፈው ቆርቆሮው ጥቂት ተጎድቶ፣ በሩም ከማጠፊያው ተነቅሎ ነው። ወኮነ ዐቢይ ፍሥሐ በኵሉ መሐል ሜዳ።

ፍልሰታ በተፈታ ማግሥት ዳመናው ገለል አለ። የወይዘሮ አማከለች ደጃፍ መጋዘኑ ከተገነባ ወዲህ የከሰዓት ፀሐይ አይቶ አያውቅም ነበርና፣ አሁን ብርሃኑ እስከ ጓዳቸው ዘልቆ ገባ። እሳቸውም ዱካቸውን አውጥተው፣ ፊታቸውን ለፀሐይዋ ሰጥተው፣ ስንት ዘመን የተጋረደባቸውን አደባባይና ሰው እያዩ ተቀመጡ። አባይነህም በማዶ፣ በበርሜሉ ላይ፣ እሌኒ ያቀረበችለትን የበግ ወጥ ሊጎርስ እጁን ወደ አፉ አነሣ። ያን ጊዜ ቀና ቢል፣ በሁለቱ መካከል ምንም ግንብ የለም፤ አማቱ ከፊት ለፊቱ ተቀምጠው ያዩታል። ራሱ ባፈረሰው ግንብ ምሳው መጋለጡን ያወቀው ገና አሁን ነው። ጉርሻው በአየር ላይ ቀረ።

ወይዘሮ አማከለች ይህን አዩ። ተነሡ፤ ዱካቸውን አዞሩት፤ ለዚያች ለናፈቋት ፀሐይ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ባዶው የቤታቸው ግድግዳ አድርገው፣ አማቻቸው ምሳውን እስኪጨርስ ድረስ እንዲያው ግድግዳውን እያዩ ተቀመጡ። የአባይነህም ዓይን እንደ ብየዳ ጢስ የገባበት ሰው ዓይን አነባ። ከዚያም ፀሐይዋን ቶሎ እንዲመልስላቸው ብሎ፣ በሕይወቱ በልቶ በማያውቀው ፍጥነት በላ።

እንግዲህ ምስጋና ይድረስ ለአባይነህ፣ ለዝገት ጠላት፣ ለጥርሳሙ ባኬት አባት፣ አደባባይ አርሶ ግንብ ላጨደው፤ ለአቶ ኪዳነ ወልድ ወናፍ፣ ለአዳነ ሁለት ጋቢ፣ ለታዲዮስም ይህን ዜና ሁሉ ላደረሰን ምላስ ይድረስ። ከሁሉ በላይ ግን ክብር ለወይዘሮ አማከለች ይሁን፤ ዕድሜያቸውን ያርዝመው፣ ደጃቸውንም የከሰዓት ፀሐይ አይራቀው፤ እስከ ዘለዓለሙ አሜን።