ጋሽ ወልዴና ወፍራሙ ክር

ሰው በጎረቤቱ ቤት ቢቀና ይገባኛል። በባልንጀራው ሹመት ቢቀናም፣ በዚያ በደርግ ዘመን ሹመት ምን ይዞ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ፣ አዝንለታለሁ እንጂ አልፈርድበትም። መምህር በተማሪው ሲቀና ግን ምን ይባላል? አትሳቁ፣ ደርሶብኝ ነው።

ያኔ ልደታ፣ ከቀበሌያችን አዳራሽ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ ቼሎ አስተምር ነበር፤ ያንን በጉልበት መሀል ይዘው በደጋን የሚስቡትን፣ የቫዮሊንን ታላቅ ወንድም። ተማሪዎቼ ከየደረጃው ነበሩ፤ ደጋኑን እንደ መጋዝ ከሚገዘግዘው ጀማሪ አንስቶ፣ ኖታ እንደ ጋዜጣ እስከምታነበው እስከ ሶስና ድረስ።

አንድ ቀን የአንዱ ቼሎ ሆድ ተሰነጠቀና ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር አናጢ አስጠራሁ። ጋሽ ወልዴ ይባላሉ፤ ሃምሳን አልፈዋል። በሙጫ አጣብቀው አሰሩት፤ በሳምንቱ መጥተው ፈቱት።

«እስቲ ድምፁ ደህና እንደሆነ ልሞክረው» አሉና ደጋኑን ወፍራሙ ክር ላይ አሳርፈው ሳቡት።

እኔ ያንን ድምፅ ፍለጋ ባሕር ማዶ ሄጄ አምስት ዓመት በብርድ ተንቀጥቅጫለሁ። እሳቸው ሙጫ በነካ እጃቸው አወጡት።

«እንደው ብማር ይሆንልኝ ይሆን፣ መምህር?»

«ይሞከራል» አልኩ። ደጋኑን ግን ፈጠን ብዬ ከእጃቸው ወሰድኩ።

ሌሎቹ ጀማሪዎች በሦስተኛው ሳምንት ዜማ ሲጀምሩ፣ ጋሽ ወልዴን እዚያው ወፍራሙ ክር ላይ ገተርኳቸው። «ገና ነው» እላለሁ። «እሺ» ይላሉ። ሦስት ወር! አንድ ቀን እንኳ ፊታቸው ቢጠቁር ምናለ? ትሕትናቸው ራሱ ያበግነኝ ጀመር።

የአብዮት በዓል ሲደርስ አዳራሹ ውስጥ ዝግጅት ቀረበ። ዋናውን ዜማ ለራሴ ወሰድኩ፤ ለጋሽ ወልዴ ከሥር የሚያዝ አንድ ረጅም ድምፅ ሰጠኋቸው፤ እንዳይሰሙ ብዬ። እኔ ስጫወት የቀበሌው ሊቀመንበር እንደ ልማዱ ከጎኑ ካለው ጓድ ጋር ያወራል። ዜማዬ አልቆ የጋሽ ወልዴ ድምፅ ብቻውን ሲቀር፣ ሊቀመንበሩ ዝም አለ። ይህን ሰው ዝም ያሰኘ ነገር ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም።

ጭብጨባው ሲበርድ ጋሽ ወልዴ ቆባቸውን አውልቀው ተነሡ።

«ይህ የእኔ አይደለም። እኚህ መምህር እንደ ሌላው ሳያጣድፉኝ፣ ሦስት ወር ሙሉ አንድ ክር ላይ አቆይተው ያሠሩኝ ነው። እንዲህ የተጨነቀልኝ ሰው አላየሁም።»

አዳራሹ ወደ እኔ ዞሮ አጨበጨበ። እጅ ነሳሁ፤ ሌላ ምን ላድርግ? መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በማግስቱ ቅዳሜ ሶስና ኖታዋን አጣጥፋ መጣች።

«ጋሼ፣ እኔንስ ለምን አጣደፉኝ?» አለች። ዓይኗ ውስጥ የነበረውን ነገር ወዲያው አወቅሁት፤ ቅናት ነው።

ከዚያ ወዲህ የሚመጣ ጀማሪ ሁሉ ሦስት ወር ወፍራሙን ክር ብቻ ይስባል፤ እውነትም ያምርለታል። ዘዴውን ከየት እንዳመጣሁት ሲጠይቁኝ «ከራሴ» እላለሁ። ዋሸሁ እንዴ?