የመቁረጫው ቁልፍና ጋሽ ተረጋጉ

ሰው ሲናደድ አጠገቡ ቆሞ «ተረጋጋ» የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት ካለ፣ ገና አልተከፈተም ማለት ነው። ይህ ሰው ራሱ ሲናደድ ታይቶ አይታወቅም። ሌላውን ግን በዚያች በአንዲት ቃል እሳት አስጎርሶ፣ እጁን ወደኋላ አጣምሮ ቀስ እያለ ይሄዳል።

በማተሚያ ቤቱ የጥረዛ ክፍል ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት የክፍሉ ሹም ነበሩ። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም ከሠራተኞች መዝገብ በስተቀር የሚያስታውሰው የለም፤ ሁሉም «ጋሽ ተረጋጉ» ነው የሚላቸው። ጠራዧ ደግሞ በሆዷ «ክቡር የስሜት ሚኒስትር» ትላቸዋለች።

ጠራዧ መጽሐፍ ስትሰፋና ሙጫ ስትቀባ ስምንት ዓመት ሆኗታል። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መቁረጫው ላይ መቆም። የተሰፋውን መጽሐፍ ጠርዝ ጠርዙን እኩል የሚከረክመው ያ ትልቅ ማሽን ላይ የቆመ ሰው ባለሙያ ይባላል፤ የቀረው ሁሉ፣ ፀጉሩ ቢሸብትም፣ «ልጆቹ» ነው። በቁርጥራጭ ወረቀት ሲፈትኗት እጇ ዝንፍ አይልም። ችግሩ የማሽኑ ቁልፍ ያለው የክቡርነታቸው አንገት ላይ መሆኑ ነው። ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት ደግሞ እጅ ሳይሆን ፊት ይመረምራሉ።

ከመቁረጫው በላይ ግድግዳው ላይ በገዛ እጃቸው የጻፉት ካርቶን ተሰቅሏል፤ ንዴት፣ ሐዘን፣ ፍርሃት፣ ደስታ ይላል። ከነዚህ ውጪ የሰው ልጅ የሚሰማው ነገር ያለ አይመስላቸውም። የግራ እጃቸው ሌባ ጣት ከግማሽ በላይ የለችም። «ይህቺ ጣት ‹ደህና ነኝ› ብላ ነው የሄደችው» ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ለመቶኛ ጊዜ። በወጣትነታቸው ከቤት ተጣልተው ወጥተው፣ ፈገግ ብለው ማሽኑ ላይ የቆሙ ዕለት ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ስሜቱን በስሙ ያልጠራ ሰው ማሽኑን አይነካም።

አንድ ማለዳ ጠራዧ ዝናብ መትቷት፣ ሰው እግሯን ረግጧት ገባች። ጋሽ ተረጋጉ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ፊቷን አነበቡት።

«ስሙን ንገሪኝ።»

«ንዴት።»

«ጎበዝ! ስሙን ካወቅሽው አይነዳሽም። በይ ወረቀት እጠፊ።»

ሌላ ቀን እህቷ በሰላም ተገላግላላት፣ እየበረረች መጣች። ሳትጠየቅ «ደስታ!» አለች። እሳቸውም በጣም ደስ አላቸውና እንኳን ማርያም ማረቻት አሉ። ከዚያ «የደስተኛ እጅ ይቸኩላል» ብለው ወረቀት አሳጠፏት።

ሰው ሁሉ ተማሪያቸው ነው። አንድ ጊዜ መጽሐፉ ተገልብጦ የተጠረዘበት አስተማሪ እየጮኸ መጣ።

«ተረጋጉ። ምን ይሰማዎታል?»

«የሚሰማኝማ የለም! አንድ ሰዓት ሙሉ ስጮህ ማን ሰማኝ?»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ክቡርነታቸው ግን ካርቶኑን አውርደው ለአስተማሪው አሳዩት። ሰውዬው መጽሐፉን ጥሎ ሄደ።

ጠራዧ ይህን ሁሉ ችላው ነበር። የማትረሳው አንድ ቀን አለ። አባቷ የመርሳት በሽታ ይዟቸዋል። ያን ቀን ጧት ቁርሳቸውን አብልታ ስትነሳ እጇን ያዙና «ልጄ ስትመጣ፣ በልቷል በያት፤ አትጨነቅ» አሏት። ልጃቸው እሷ ናት። ሥራ ገብታ ካርቶኑ ሥር ቆመች።

«ስሙን ንገሪኝ።»

«ሆድ ብሶኛል ጋሼ።»

ጋሽ ተረጋጉ ካርቶናቸውን ከላይ እስከ ታች አነበቡ። «ሆድ መባስ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ወይ ሐዘን ነው፣ ወይ ንዴት። ለይተሽ ነይ።»

ያን ቀን ጠላቻቸው፤ ለጨዋታ ሳይሆን ከልቧ። ቀኑን ሙሉ ወረቀት ስታጥፍ፣ አንድ ቀን እሳቸውም ተራቸው ደርሶ እዚህ ካርቶን ሥር ሲቆሙ የምትላቸውን አዘጋጀች። «ዝርዝሩ ውስጥ የለም።» ይህችን ይዛ ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቀች።

ተራቸው ደረሰ። ባለቤታቸው በአጭር ሕመም አረፉ። ለቅሶ የሄደውን ሠራተኛ ሁሉ «ተረጋጉ፣ ተረጋጉ» እያሉ ሲያጽናኑ ሰነበቱ። በሁለተኛው ሳምንት ጢማቸውን ተላጭተው ሥራ ገቡ። ማንም ሳይጠይቃቸው «ደህና ነኝ» አሉና ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ወደ መቁረጫው አመሩ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። ጠራዧ ግን ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ ስሙን ይንገሩኝ።»

«ዞር በይ!»

«ማሽኑን አይነኩም። ቁልፉን ይስጡኝ።»

«አንቺ ነሽ ደግሞ እኔን የምትመረምሪ? ሙጫ መቀባት ያስተማርኩሽ እኔ! ዞር በይ ነው የምልሽ፣ ባለጌ!»

በስምንት ዓመት ሲጮሁ የሰማቸው አልነበረም። ጩኸት ያምርባቸዋል።

«ተረጋጉ» አለቻቸው። ስማቸውን ትጥራ፣ ትዘዛቸው፣ ለማንም አልገባውም። «ምን ይሰማዎታል?»

«የሚሰማኝ የለም።»

ከፊታቸው ንቅንቅ አላለችም።

«ማታ ቤት ስገባ፣ ‹መጣሁ› እላለሁ» አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ። «አርባ ዓመት የለመድኩት ነው፤ አፌ ይቀድመኛል። ‹መጣሁ› እላለሁ። የሚሰማኝ የለም።»

ያቺ ዓመት ሙሉ ያቆየቻት «ዝርዝሩ ውስጥ የለም» ምላሷ ጫፍ ላይ ነበረች። ዋጠቻት።

ሽማግሌው ቁልፉን መዳፏ ላይ ጣል አደረጉላትና ሄደው ወረቀት ማጠፊያው ጠረጴዛ ጋ ተቀመጡ። ስምንት ዓመት የለመነችው ቁልፍ እጇ ገባ። ከፊቷ ማሽኑ፣ ከጎኗ የሚከረከም የመጽሐፍ ክምር አለ፤ የሚከለክላት ማንም የለም። ቁልፉን ልትሰካ ስትል ቀዳዳውን ሳተችው።

ቀና ብላ ካርቶኑን አየች። ንዴት አይደለም። ፍርሃትም አይደለም። ሐዘን ነው እንዳትል፣ የእሳቸውን ሚስት አንድ ጊዜ እንኳ አይታቸው አታውቅም። ይህን ነዝናዛ፣ ይህን ክፉ ሽማግሌ ትወዳቸዋለች። ስሙን ስታውቀው ተናደደች።

ቁልፉን አንገቷ ላይ አጥልቃ ሄዳ አጠገባቸው ተቀመጠች። ያጠፉት ወረቀት ሁሉ ጠማማ ነበር። አንድ በአንድ እየፈታች እንደገና አጠፈችው።

ከምሳ በፊት ሥራ አስኪያጁ ብቅ ብሎ «መቁረጫው ለምን ቆመ?» አለ።

«ዛሬ ደህና ሰው አልገባም» አለችው።